እኔ ሳልሆን ገጸ ባሕርዬ ነው!

የሰበብ ዓይነቱ ብዙ ነው። ያረፈደ ሰው በታክሲ ያሳብባል። ብድር ያልመለሰ በደሞዝ መዘግየት ያሳብባል። ፈተና የወደቀ ደግሞ መምህሩ ጥምድ አድርጎ ይዞት ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለን የሚና ጨዋታ የምንጫወት ሰዎች ዘንድ ግን እነዚህን ሁሉ የሚያስከነዳ ሰበብ አለ። «እኔ ምን ላድርግ? ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው!»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። የጓደኛውን ቦርሳ የበረበረው እሱ አይደለም፤ ገጸ ባሕርዩ ነው። አራት ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ የተማከረበትን ዕቅድ በአንድ ትንፋሽ ያፈረሰው እሱ አይደለም፤ ገጸ ባሕርዩ ነው። ገመድና ችቦ ሲሸጥ የዋለውን ምስኪን ባለሱቅ ያረደውም ገጸ ባሕርዩ ነው። ልጁማ ምን አደረገ? ዳይሱን ይዞ ቁጭ ብሏል።

ዛሬ ጠቤ ከዚህች ሰበብ ጋር ነው። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «መፍትሔው እንደዚህ ዓይነቱን ገጸ ባሕርይ ጨርሶ መከልከል ነው» ከሚሉት ጋር እጣላለሁ። ሁለቱም ወገን ስንፍናውን መርሕ አስመስሎ ያቀርባል ባይ ነኝ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ፤ የምታውቁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት። አራት አምስት ሰው ይሰበሰባል። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ዓለሙን፣ አየሩን፣ ንጉሡን፣ ወንበዴውን፣ የሆቴሉን አሳላፊ ሳይቀር እሱ ነው የሚናገረው። የቀረነው እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን «እንዲህ አደርጋለሁ» እንላለን። ይሳካል አይሳካም የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። አሸናፊ የለም፤ ተሸናፊም የለም። ከሁሉም ስሙ የገነነው በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የገጸ ባሕርዩ ወረቀት ላይ ጠባዩ የሚሞላበት ቦታ አለ። ከሥርዓት እስከ ትርምስ ሦስት ደረጃ፣ ከደግ እስከ ክፉ ሦስት ደረጃ፣ ሲባዛ ዘጠኝ ሳጥን። የዛሬዋ ተከሳሻችን ከዘጠኙ አንዷ ናት፤ «ኬዮቲክ ኒውትራል»። ደግም አይደለም፣ ክፉም አይደለም፣ ሕግ አይገዛውም፣ ልቡ ያለውን ያደርጋል። ወጣቱ በሙሉ ይህችን ሳጥን ይወዳታል። ቀኑን ሙሉ አለቃ ሲያዘው፣ ቤተሰብ ሲመክረው፣ ኪራይ ሲያስጨንቀው የዋለ ሰው ቅዳሜ ማታ ቢወዳት ምን ይገርማል? እኔም እወዳታለሁ።

ለመሆኑ ይህች ሳጥን እንዲህ የከፋ ስም ያወጣችው እንዴት ነው? መነሻዋ ንጹሕ ነበር። በ1974ቱ ጨዋታ ላይ የነበሩት ሦስት ወገኖች ብቻ ናቸው፤ ሥርዓት፣ ገለልተኛነት፣ ትርምስ። ሐሳቡም የተወሰደው ከነፖል አንደርሰንና ከነማይክል ሙርኮክ ልብ ወለዶች ነው። እዚያ ሥርዓትና ትርምስ እንደ ሁለት የጦር ሰፈር ናቸው፤ ጥያቄው «ከማን ወግነሃል?» ነበር። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግና ክፉን ጨምሮ ሳጥኖቹን ዘጠኝ ሲያደርጋቸው ጥያቄው «ጠባይህ ምን ይመስላል?» ወደሚለው አዘነበለ። ከዚያ በ1989 ሁለተኛው እትም መጣና ጉዱን አፈላው። ኬዮቲክ ኒውትራልን ሲገልጽ፣ ያለ የሌለ ሀብቱን ያለ ምክንያት በአንድ ዳይስ የሚያስይዝ፣ ከእብድ የማይለይ፣ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው እርግጠኛ መሆን እንደማይቻልበት ብቻ የሆነ ሰው አድርጎ ሣለው። እንግዲህ መጽሐፉ ራሱ «አብድ» ካለህ ማን ይይዝሃል? ያንን መጽሐፍ በዓይኑ ያላየ ልጅ እንኳ ዛሬ ልማዱን ወርሶ ይጫወታል።

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ግን ነገሩን አረመው። ይህ ሰው ያልታሰበ ነገር ሊያደርግ ይችላል፣ ነገር ግን የሚሠራው ሁሉ ዕጣ አይደለም አለ። ምሳሌው ድልድይ ነበር፤ ድልድይ አፍ ላይ የደረሰ ኬዮቲክ ኒውትራል የመሻገር ዕድሉ ከመዝለል ዕድሉ ይበልጣል። ለዚህ ጨዋታ ከተጻፈው ሕግ ሁሉ ይህችን የምታህልብኝ የለችም። ድልድይ የተሠራው ለመሻገር መሆኑን ነፃ ሰውም ያውቀዋል!

ተጫዋቾቻችን ግን ድልድዩ ላይ በደረሱ ቁጥር ይዘላሉ። ይዘሉና «ገጸ ባሕርዬ ነው» ይላሉ።

ቆይ እንጂ፣ ገጸ ባሕርይህን የሠራው ማን ነው? ከሰማይ ወርዶ ነው ወይስ ማክሰኞ ማታ አልጋህ ላይ ተጋድመህ የጻፍከው? ገጸ ባሕርይ እጅ የለው፣ አፍ የለው፤ የሚሰርቀውም የሚናገረውም በአንተ አፍ ነው። «እሱ እንዲህ ከማድረግ ሌላ ምርጫ የለውም» ስትል አንተ ምርጫ አልነበረህም ማለት አይደለም። ሺህ ዓይነት ነፃ ሰው መፍጠር ስትችል ጓደኞቹን ብቻ የሚዘርፈውን መርጠሃል። የሚገርመው ደግሞ ይሄ «ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም» የተባለለት ገጸ ባሕርይ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ይሰርቃል፤ ያቃጥላል፤ የሚያዋራውን ሰው ይወጋል። ተራ በተራ። ከሱ ይልቅ ስለ ሕግ ሲሰብክ የሚውለው ባላባት መች እንደሚፈነዳ አይታወቅም።

አሁን ቀልዱን ልተወውና የሚቆጨኝን ልናገር። አንዲት የማውቃት ልጅ ወደ አንድ ቡድን ገባች። አዲስ ናት። ገጸ ባሕርዩዋን ሦስት ሳምንት አስባበት ነው የሠራችው፤ የሟች እናቷን ቀለበት የምታጠልቅ ፈዋሽ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቡድኑ ጫካ ውስጥ ሲያድር «ኬዮቲክ ነኝ» ባዩ ልጅ ዳይሱን ጣለና ቀለበቱን ከጣቷ ላይ አወለቀው። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። በሁለተኛው ቅዳሜ ቀለበቱን ሸጦ ጠጣበት። በሦስተኛው «ኧረ ቀለበቴን» ስትል «ገጸ ባሕርዬ ጸጸት አያውቅም» ተባለች። በአራተኛው ቅዳሜ ፈተና አለብኝ ብላ መልእክት ላከች። በአምስተኛው መልእክትም የለም። ቡድኑ «ሴት ልጅ ይሄ ጨዋታ አይሆናትም» ብሎ ደመደመ፤ እንዴት ያለ ጥናት እንዳካሄዱ እግዜር ይወቀው። ቀለበቱ የወረቀት ነው፤ ጥላ የሄደችው ልጅ ግን የወረቀት አይደለችም። እኔ የታዘብኩት ነገር ደግሞ አለ። እነዚህ «ማንንም የማይፈሩ» ገጸ ባሕርያት ሁልጊዜ የሚሰርቁት ከአዲሱ፣ ከዝምተኛው፣ ከማይመልሰው ሰው ነው። ጡንቻው የጠነከረውን የጓደኛቸውን ገጸ ባሕርይ ሲነኩ አላየሁም። ሥርዓት የለሽ ነኝ የሚል ሰው የጉልበት ሥርዓትን እንዲህ ጠንቅቆ ማወቁ አይገርምም?

ሂሳቡንም እንሥራው። አምስት ሰው አራት ሰዓት ሲጫወት ሃያ የሰው ሰዓት ነው። ባለሱቁ ከታረደ በኋላ ማምለጡ፣ መያዙ፣ ችሎቱ፣ የእስር ቤቱ ግድግዳ መቦርቦሩ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል እንበል። በአምስት ሲባዛ ሰባት ሰዓት ተኩል። የዚያ ሳምንት ጨዋታ ሲሶው በላይ ለአንድ ሰው ፉከራ ሄደ ማለት ነው። ሥራውን ጨርሶ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ቡናውን በገንዘቡ ገዝቶ የመጣ ሰው ነው ያን ሁሉ ሰዓት የሰው ችሎት ሲታዘብ ያመሸው።

አጫዋቾች ደግሞ አንድ የተለመደ መድኃኒት አላቸው፤ በጨዋታው ውስጥ መቅጣት። ዘበኛ ይልኩበታል፣ አማልክት ይረግሙታል፣ ዘንዶ ይበላዋል። አይሠራም! ልጁ የፈለገው እኮ ይሄንኑ ነው። ዓይን ሁሉ እሱ ላይ እንዲሆን። ዘበኛ ስትልክበት ሌላ አንድ ሰዓት መረቅከው። በጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ችግር የሚፈታው በጠረጴዛው ዙሪያ ነው፤ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ለኛ ደስ አላለንም» በሚል ግልጽ አማርኛ። ይሉኝታችን ነው መሰለኝ ለሰውየው ከመንገር ዘንዶ መላክ የሚቀለን።

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ከልካዮቹ ላዙር። «በኔ ጠረጴዛ ኬዮቲክ ኒውትራል አይገባም» የሚል አጫዋች ሞልቷል። ሲሰሙት ቆራጥ ይመስላል። ነገር ግን ይሄ ተሞክሮ የታየ ነው። በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ዘጠኙን ሳጥን ወደ አምስት ሲቀንስ ኬዮቲክ ኒውትራል ከናካቴው ወጣች። ጓደኛ መዝረፍ ቀረ? የለም፤ ሌባው ሌላ ሳጥን ላይ ምልክት አደረገና ቀጠለ። በ2014 አምስተኛው እትም ሳጥኗን መለሳት። ልብ በሉ፣ «ፍጹም ሕግ አክባሪና ደግ» ተብሎ የተጻፈ ገጸ ባሕርይ ይዞም ቡድን የሚያምስ ሞልቷል። እስረኛ አናናግርም፣ በጓሮ በር አንገባም፣ ሌባዋን አሳልፌ ካልሰጠሁ እያለ አራት ሰው አግቶ የሚያመሽ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እሱም ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፤ «ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው!»

ደግሞስ ይህ ጨዋታ የተወለደው ከምን ሆነና ነው ያልታሰበ ነገር የሚከለከለው? በ1969 ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል የጦርነት ጨዋታ ወዳጅ አንድ ነገር ሞከረ። ዘመኑ የናፖሊዮን፣ ቦታው ብራውንስታይን የተባለች የፈጠራ ከተማ። ሁለት ጦር ብቻ አሰልፎ ከማዋጋት ይልቅ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ሰውና የየራሱን ግብ ሰጠ። ምን ሆነ? ተጫዋቾቹ በየጥጉ ተበታትነው መንሾካሾክ ጀመሩ። ሁለቱ ጭራሽ አንድ ለአንድ ካልተፋለምን አሉ፤ ለዚያ የሚሆን ሕግ ስላልነበረው ዌስሊ እዚያው በቆመበት መፍጠር ግድ ሆነበት። ጨዋታዬ ተበላሸ ብሎ አዘነ። ተጫዋቾቹ ግን «ድገምልን» አሉት። ከነዚያ ልጆች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣውን ጨዋታ ግማሽ ጎኑን ከዚያ ነው ያመጣው።

የኔ መለኪያ እዚህ ላይ ነው። «ድገምልን» ያለው ማነው? በብራውንስታይን ሁሉም አሉ። በቀለበቷ ጉዳይ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ሰራቂው። ክህደት ራሱ ኃጢአት አይደለም። በ1984 የወጣው «ፓራኖያ» የሚባል ጨዋታ ሙሉ በሙሉ እርስ በርስ በመከዳዳት ላይ የቆመ ነው። የሚያዘው እብድ ኮምፒዩተር ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋችም የገጸ ባሕርዩ ስድስት ቅጂ ይሰጠዋል፣ ምክንያቱም ጓደኞቹ ደጋግመው እንደሚያስገድሉት ከመነሻው የታወቀ ነው። በ2009 የወጣው የጄሰን ሞርኒንግስታር «ፊያስኮ» ደግሞ አጫዋች እንኳ የለውም፤ ስግብግብና ቂል የሆኑ ሰዎች ራሳቸውን ገደል ሲከቱ ነው ጨዋታው። እዚያ ጓደኛህን ብትሸጠው ያቅፍሃል። አምኖበት፣ ተስማምቶ፣ ዳቦውን ቆርሶ የተቀመጠ ነዋ! ሳያውቅ የሚሸጥ ሰው ግን ተጫዋች ሳይሆን ሸቀጥ ነው።

«ታዲያ ሁሉን ነገር አስፈቅደን ልንሠራ ነው? ድንገቴው የት ሄደ?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ወደዚች ቀለበት እንመለስ። ያው ሌባ፣ ያው ጫካ፣ ያው ስርቆት። ልጁ ግን ዳይሱን ከመጣሉ በፊት ወደ ልጅቷ ዘንበል ብሎ «ቀለበትሽን ልስረቀው? አንድ ሐሳብ አለኝ» ይላታል። አራት ሰከንድ ነው። እሺ ካለች ሌባው ቀለበቱን ይሰርቅና ከተማ ሲደርሱ በቁማር ለንጉሡ የእንጀራ ልጅ ይበላል። አሁን ቀለበቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ፈዋሿ እናቷ ማን እንደነበረች የሚያውቅ ሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ብታገኝስ? ቡድኑ በሙሉ የሚገባበት ታሪክ ተወለደ፤ መሃሉ ላይም ያለችው እሷ ናት። ሌባው አሁንም ሌባ ነው፤ ጸጸትም ላይኖረው ይችላል። ገጸ ባሕርዩ አላስፈቀደም፤ ያስፈቀደው ተጫዋቹ ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች ለይቶ ማየት ያቃተው ሰው ለምን ሚና እጫወታለሁ ብሎ እንደመጣ አይገባኝም።

ኪት ጆንስተን የተባለው የቲያትር ሰው በ1979 «ኢምፕሮ» በሚለው መጽሐፉ ያለ ጽሑፍ የሚሠሩ ተዋንያንን የሚገድለው የአጋራቸውን ሐሳብ መዝጋት መሆኑን አስፍሯል። አጋርህ በር ሲከፍትልህ ትገባለህ፣ ወይ ሌላ በር ትከፍታለህ። የኛም ተረት ተራኪ ያውቀዋል፤ «ተረት ተረት» ብሎ የሚመልስለት ካጣ አፉን ይዘጋል። ጓደኛው ያቀደውን የሚያፈርስ ኬዮቲክ ሁሉ ጥፋተኛ ነው አላልኩም። አፍርሶ ምን በር ከፈተ? ጥያቄዬ እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ አንዲት ገጸ ባሕርይ ላስተዋውቃችሁ። እኛ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ወዳጄ የምትጫወታት በቅሎ ነጂ አለች። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ኬዮቲክ ኒውትራል ነው። ይህች ሴትዮ ንጉሡን «አንተ» ትለዋለች፤ በቅሎዋን «እርስዎ»። ይኸው ነው። ሰይፍ አልመዘዘችም፣ ማንንም አልዘረፈችም፤ ነገር ግን ቤተ መንግሥት በገባን ቁጥር ሁላችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን። (እዚህ ላይ አማርኛ የምንጫወት ሰዎች እንኳን ተወለድን ልበል። በእንግሊዝኛ የሚጫወት ሰው ንጉሥ ለመድፈር ስድብ መፈለግ አለበት፤ እኛ አንድ ተውላጠ ስም ይበቃናል።) አንዴ ዘብ ሊያስራት ነው፣ አንዴ ንጉሡ ይስቃል፣ አንዴ የቡድናችን ባላባት በእፍረት ምድር ይግባ ያሰኘዋል፤ ይህ ሁሉ ለያንዳንዳችን የምንሠራው ሥራ ይሰጠናል። ከወራት በኋላ አመፅ ተነሣና ንጉሡ በሰንሰለት ታስሮ በፊታችን አለፈ። በቅሎ ነጂዋ ከመንገዱ ዳር ቀረብ አለችና «ውኃ ይጠጣሉ?» አለችው።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ማንም አልጠበቀውም፤ ሁሉም ግን ወዲያው ገባው። ያ ሁሉ ወር «አንተ» ስትል ስትጠላው የከረመችው ሰውየውን አልነበረም፤ ዙፋኑን ነው። ያልተጠበቀ ነገር የሚባል ይሄ ነው። የሚያስደነግጠው ከበስተጀርባው ምክንያት ስላለው፣ ምክንያቱም ቀስ እያለ ሲገነባ ስለቆየ ነው። በየደቂቃው ድንገተኛ የሚያደርግ ሰው ማንንም ሊያስደነግጥ አይችልም፤ ከምኑ ለይተህ ትደነግጣለህ?

አለቃ ገብረ ሐናን አስቧቸው። በአፍ በሚነገሩት ቀልዶች ውስጥ ሲወጡ ሲገቡ ምን እንደሚሉ አይታወቅም፤ ባለሥልጣን የለ፣ ቄስ የለ፣ ባልንጀራ የለ። ግን ቀልዱ ሁሉ መልስ መስጫ ቦታ አለው፤ ስንቱ ላይ እሳቸው ራሳቸው በሚስታቸው ወይ በአንድ ገበሬ ተረተው ይወጣሉ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የምናወራቸው። አለቃ ሁልጊዜ የሚያሸንፉ ቢሆን ኖሮ ማን ያነሣቸው ነበር?

ከፈረንጆቹ ወገን ደግሞ «ኬንደር» የሚባሉ ትንንሽ ሕዝቦች አሉ፤ በ1984 ማርጋሬት ዋይስና ትሬሲ ሂክማን በጻፉት የድራጎንላንስ ልብ ወለድ የታወቁ። ኬንደር የሰው ዕቃ ያነሣል፤ ስርቆት ግን አይመስለውም፣ የማወቅ ጉጉት ነው የሚያስነሣው። መጽሐፉ ላይ ታስልሆፍ የሚባለው ኬንደር እጅግ ይወደዳል። ጠረጴዛ ላይ ግን ኬንደር እጫወታለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ልምድ ያለው ሁሉ ቦርሳውን ይጨብጣል። ለምን? መጽሐፉን የሚጽፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ታስልሆፍ ያነሣው ዕቃ ሦስት ምዕራፍ ቆይቶ የሁሉንም ነፍስ እንዲያድን ማድረግ በእጃቸው ነው። ለጓደኞቹ ያለውም ፍቅር ከኪሱ ይበልጣል። ኮራጆቹ እጁን ወስደው ልቡን ተዉት።

የአሁኑን ትውልድ ደግሞ የኮምፒዩተር ጨዋታ አስለምዶታል፤ ይሄን አልክድም። በ2023 የወጣውን «ባልደርስ ጌት 3» ስትጫወት ጓደኛህን ልትከዳ፣ መንደር ልታቃጥል ትችላለህ፤ ካልጣመህ ያስቀመጥከውን መልሰህ ትከፍታለህ። ማንም አልተጎዳም፣ ማንም ታክሲ ይዞ አልመጣም። ጨዋታው እጅግ ድንቅ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቼበታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ግን ያለፈውን የሚመልስ ቁልፍ የለም፤ አጠገብህ የተቀመጠውም ሰው ነው።

«ነፃነቴን ልትገድቢ ነው» ለሚለኝ ደግሞ ኳስ ላንሣለት። ሮናልዲንሆ ኳስ ሲይዝ ተከላካዩ ምን እንደሚመጣበት አያውቅም ነበር፤ ዓይኑን ወደ ቀኝ አድርጎ ወደ ግራ ያቀብላል። ኳሷ ግን የምትደርሰው ለራሱ ቡድን ሰው ነው። ለጠላት እንቆቅልሽ፣ ለወዳጅ ቅብብል። በራሱ በረኛ ላይ ልምታ የሚል «ነፃ» ተጫዋች ቢመጣ አሠልጣኙ ስለ ነፃነት ፍልስፍና አይከራከረውም፤ ይቀይረዋል።

የተግባሩ ነገር ከባድ አይደለም። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት፣ ተጫዋቾች «ሴሽን ዜሮ» በሚሉት ቁጭታ ላይ፣ እርስ በርስ መሰራረቅ ይቻላል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ጆን ስታቭሮፑሎስ ያስለመደው የኤክስ ካርድም አለ፤ ወረቀት ላይ የኤክስ ምልክት አድርጎ መሃል ማስቀመጥ፣ ያልተመቸው ሰው ሲነካት ያ ነገር ይዘለላል፣ ማብራሪያ አይጠየቅም። አንዳንዱ «የሕፃን ጨዋታ አደረጋችሁት» እያለ ያላግጣል። እኛ ዘንድ ካርዷ ስንት ወር ተቀምጣ የተነካችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ጨዋታው ግማሽ ደቂቃ ሳይቆም ቀጠለ። ቀለበቷን ያጣችው ልጅ ፊት ያቺ ወረቀት ብትኖር ኖሮ ስል አስባለሁ። መጽሐፍ ውድ ነው ብላችሁ የቀራችሁ ካላችሁም የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ ከጥር 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ወጥቷል፤ አውርዶ ማተም ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠረጴዛችን ላይ አንድ አዲስ ልጅ ይመጣል። ወረቀቱን አስቀድሞ ልኮልናል፤ ኬዮቲክ ኒውትራል፣ እናት አባቱ የማይታወቁ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ማንንም የማያምን። (ጥቁር ካባ የሌለው ሌባ መቼ ነው የማየው?) አጫዋቻችን ወረቀቱን አይቶ «ይቅርብን» አለ። እኔ ይምጣ ብያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ይሄ ማንንም የማያምን ሰውህ ከኛ ጋር መንገድ የሚገባው ለምንድን ነው? መልስ ካለው ከበቅሎዋ ጎን ቦታ ይዤለታለሁ።